የውሻዬ ስም

ነገር የጀመረው ባንዲት አሸንዳ ነው፤
የቢያድግልኝ ጣራ ሐምሌ ሲያፈሰው
ውሃው በኔ ግድግዳ፣ በኔ ጓዳ ወረደ።
"አሸንዳህን መልስ" ብለው ተናደደ፤
"ዝናብ የእግዜር ነው" አለኝ፣ ዘግቶብኝ ሄደ።

ቀበሌ አልሄድኩም፣ ዳኛም አልጠራሁ፤
ከአውቶ ፓርኮ ጀርባ ቡችላ አነሣሁ፣
ባረጀ ጎማ ውስጥ ሌሊቱን ያደረ፣
ቁንጫ የወረሰው፣ ጎድኑ የተቆጠረ።
በጃኬቴ ሸሽጌ ቤቴ አገባሁና
ከግንቡ ሥር ቆሜ ጮክ ብዬ ጠራሁት፦
"ታዘብኩህ! ና ታዘብኩህ! ና እንጂ፣ ና!"
አገሬው ያውቀዋል፤ የውሻ ስም ማለት
ለውሻው አይደለም፣ ለጎረቤት ነው መልእክት።

ቢያድግልኝ ሰማ። ሳምንትም አልቆየ፣
አዘዞ ድረስ ሄዶ ጥቁር ቡችላ ገዛ፤
ማታ እኔ ስጣራ ድምፁ ተከተለኝ፣
"ቻለው! ቻለው!" አለ፣ ቀዝቀዝ ባለ ለዛ።

ጎንደር ግንብ አታጣም፤ የኛው ግን ብሎኬት ነው፣
ከትከሻ አያልፍም፣ ነገሥታት አላነጹት፤
ሁለት ሽማግሌ ናቸው በኩርፊያ የሠሩት።
እንዲህ ሦስት ክረምት። እኔ "ታዘብኩህ" ስል
እሱ "ቻለው" ሲል፣ ባናቱ ስንወራወር፣
የሻረግ ሚስቴ ነጠላዋን ነክሳ
ትስቅብን ነበር።

ውሾቹ ግን ምን ተዳቸው! ስማቸው ስድብ መሆኑን
ማን ይንገራቸው?
ያ የአሸንዳ ውሃ የግንቡን ሥር አፈር
አራሰላቸው፤
ጫሩት፣ ማሱት፣ መንገድ ወጣላቸው።
አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ፣ በታዘብኩህ ሳህን
ሁለት ምላስ አየሁ።
ቀዳዳውን ልደፍን ሲሚንቶ ገዛሁ፤
ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ቆየሁ።

ጨዋ ነበር አልልም፤
የነፍስ አባቴን ጫማ ግራ እግሩን በልቷል።
እሑድ እሑድ ደግሞ እስከ ሥላሴ በር
ተከትሎኝ መጥቶ ከቅጥሩ ውጭ ይተኛል፤
ውሻ አይገባምና፣
ስንት ቅዳሴ ከውጭ አስቀድሷል!
ብየዳ ስበይድ ብልጭታውን ፈርቶ
ጀርባውን ይሰጠኛል፤
ማሽኑን ሳጠፋ፣ ዝምታውን አውቆ፣
ጉልበቴ ላይ መጥቶ አገጩን ይጥላል።

ያ የተኩስ ሌሊት፣ ከተማው በሙሉ
መብራት አጥፍቶ ወለል ላይ ተኝቶ ሲያድር፣
እኔና የሻረግ፣ እሱም በመሐላችን፣
"አይዞህ፣ አይዞህ" እለው ነበር፤
የምንቀጠቀጠው እኔ መሆኔን ግን
ያወቀ እሱ ነው፣ ለሰው የማይናገር።

መጋቢት ነው፣ ሐሙስ። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና
ሰፈሩን ከበበ፤
"ባለቤት የሌለው ውሻ…" ይላል። ታዘብኩህማ አለው ብዬ ተቀመጥኩኝ፤
መርዝ ግን ያንገቱን ማሰሪያ መች አነበበ።
ማታ በቀዳዳው አልገባም፤ በሩን ዞሮ መጣ፣
እንደ እንግዳ።
ወተት ጋትኩት፣ መለሰው። ባጃጅ ጠራሁ፤ ልጁ
"ውሻ አልጭንም አባባ" ብሎኝ ነዳ።
ወደ ከብት ሐኪሙ፣ በክንዴ ታቅፌው
የአራዳን ቁልቁለት ሮጥኩ፤
ጭራው ክንዴን አንዴ መታኝ። አልደገመም።
መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።

ለውሻ እድር የለም። ድንኳን አይጣልም።
"ዓይንህ ምን ሆነ?" ላለኝ "ጉንፋን ነው" አልኩኝ፤
በስድሳ ሦስት ዓመቴ፣ ለአንድ ባዶ ሳህን
ጓዳ ገብቼ አለቀስኩኝ።

ማታ በዚያው ሰዓት እግሬ ግንቡ ሥር አቆመኝ፤
አፌን ከፈትኩ። የምጣራው የለም።
ከማዶ የቢያድግልኝ ድምፅ ዝግ ብሎ መጣ፦
"ቻለው… ቻለው…"
ጥቁሩ ውሻ በኔ በኩል ነበር፣
ሳህኑን ያሸታል።
ውሻውን ይሁን የጠራው፣ እኔን ይሁን ያለው፣
ዓመት አለፈ፤ አልጠየቅኩትም፣ ይኸው።

አሸንዳው ዛሬም ወደኔ ያፈሳል።
ያ ሲሚንቶ ጓዳ ነው፣ ከነከረጢቱ፤
የግድግዳው እርጥበት
ድንጋይ አድርጎታል።